የቻንጊል እናት ከሩዝ ማብሰያው ላይ አልነሳም ያለችበት ቀን

እኔማ ያኔውኑ ብያለሁ፤ ሰው በጤናው እናቱን ጀልባ ላይ አያወጣም። ያውም ቻንጊል፣ በወር አንዴ ደውሎ "እማ፣ በላሽ?" ካለ በኋላ መልሱን ሳይሰማ የሚዘጋ ልጅ። ልጅ እለዋለሁ እንጂ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ንፍጡን የጠረግኩለት እኔ ስለሆንኩ አላደገልኝም። እሱ ከመሬት ተነስቶ፣ እሁድ በሸራ ጀልባ ወደቡን እንዙር፣ ድሮ የሠራሽበትን የመርከብ መጠገኛ ከባሕሩ በኩል ታዪዋለሽ ቢላት፣ እሺም እምቢም አላለችው። ስልኩን ዘጋችና ግድግዳዬን በመዶሻ ደበደበችው።

ግድግዳዬ ያልኩሽ የሁለታችንም ግድግዳ ነው። የቡንዶክና የኔ ቤት ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ ነው የተሠራው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ ቤት ሳህን ይንቀጠቀጣል። ቡንዶክ የምላት ለወሬ ሲመቸኝ ነው። ፊት ለፊትማ የቻንጊል እናት ነው የምላት፣ እሷም የዮንሺም እናት ትለኛለች። በዚህ ሰፈር ሴት ከወለደች በኋላ ስሟን የሚያነሳው ፖሊስ ብቻ ነው።

ሰላሳ አንድ ዓመት አንድ ሳንቃ ላይ ተቀምጠናል። ዝገት መቺዎች ነበርን። መርከቧን ከባሕር ጎትተው ሲያወጧት፣ እኛ ከላይ በገመድ በተንጠለጠለ ሳንቃ ላይ ሁለት ሁለት ሆነን ሆዷ ሥር እንቀመጥና፣ ዝገቱንና የተጣበቀውን ዛጎል ቋ ቋ ቋ እያደረግን እናራግፋለን። ቀለም ቀቢው የሚመጣው ከኛ በኋላ ነው። ጆሯችንን እዚያው ትተነው መጣን። ሳንቃው ላይ በአፍ መነጋገር ስለማይቻል በመዶሻ ነበር የምናወራው፤ ሁለት ምት ካቦው መጣ ማለት ነው፣ ሦስት ፈጠን ፈጠን ያለ ደግሞ ጎትቱኝ ልውጣ ማለት ነው። ስለ ካቦው ሚስት የምናወራበትም ሌላ ምት ነበረን፤ እሱን አልነግርሽም።

ቡንዶክ ተጠራጣሪ ናት ቢሉሽ ገና ምኑም አልተነገረሽም። ካቦው የሳንቃውን ገመድ አስሮ ሲጨርስ፣ እሱ ዞር እስኪል ጠብቃ ትፈታውና እንደገና ራሷ ታስረዋለች። በየቀኑ፣ ሰላሳ አንድ ዓመት። ገበያ ሄዳ ማኬሬል ዓሣ ስትገዛ፣ ሻጯ ስትጠቀልል ትለውጥብኛለች ብላ ዓይኑ ላይ በጥፍሯ ምልክት ታደርጋለች። ባሏ ነፍሱን ይማረውና በያጅ ነበር፣ ሳንባው አልቆ ነው የሞተው፤ በሞተ ቀን እኛ ጮኸን ስናለቅስ እሷ ብብቱን ቆነጠጠችው። ሥራ ለመቅረት ብሎ እንዲህ ሆኖ ያውቃል አለች።

ለማንኛውም ግድግዳውን ስትደበድበው ሄድኩላት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የቀን መቁጠሪያውን ከምስማሩ አውርዳ ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች፤ ማንበብ አትችልም፣ ቁጥር ግን ትለያለች። ጣቷን እሁድ ላይ አድርጋ አየችኝ። እሁድ በጨረቃ አቆጣጠር አሥራ ዘጠነኛው ቀን ነበር።

ይኼ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። ቤት የሚለቅ ሰውን እየተከተለ የሚያውከው መንፈስ ቁጥሩ በዘጠኝና በዜሮ በሚያልቅ ቀን የለም፤ ስለዚህ እቃ የሚጭን ሁሉ የሚጭነው በነዚያ ቀኖች ነው፤ የጭነት መኪና እንኳ አይገኝም። ቢሆንም እሁድ እሁድ ነው፣ ልጁ ሥራ የማይገባው ያኔ ስለሆነ ነው አልኳት። ያለፈውስ እሁድ አልነበረም? አለችኝ።

የፈራችው ነገር ደግሞ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ባለፈው ክረምት ወጥ ቤት ወደቀች። እኔ ልጄ ዮንሺም ጋ ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ማታ ላይ ነው ያገኘኋት፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲሚንቶው ላይ ተኝታ፣ ጎመን እንደያዘች። ዳሌዋ አልተሰበረም፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የቻንጊል ሚስት ሚራን አፍ ላይ መጦሪያ ቤት የሚል ቃል መጣ። ሚራን ክፉ ልጅ አይደለችም። ከመሀል አገር የመጣች ናት፣ ባሕር ስታይ ያጥወለውላታል፣ ቃሏም ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ ቃል ደግሞ ቡንዶክን ከስድብ በላይ ያስደነግጣታል። ማዶ የተከፈተ ጥሩ መጦሪያ አለ አሉ፣ ትላለች ሚራን። አሉ፣ ሰማሁ፣ ይባላል፤ ሄጄ አየሁ አትልም። ቡንዶክ የምትሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ከዚህ ቤት የምወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው።

እና ይኼውልሽ፣ ከዮንግዶ፣ ከዚህች ቡሳን ፊት ካለች ደሴታችን፣ ሰው ነቅሎ ሲወጣ ዝም ብሎ አይወጣም። የደሴቷ ጠባቂ መንፈስ፣ ቦንግኔ ተራራ ላይ ያለችው አያት ታያለች። የሷ የሆነ ሰው ጥሏት ሲሄድ ካየች፣ ወይም ሄዶ እሷ በምታየው ቦታ ቤት ከሠራ፣ ምንም ነገር አይቀናውም፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ጥርሱ ይረግፋል፣ ልጁ ትዳር ያጣል። ስለዚህ ሰዉ ሲለቅ ሽርሽር የሚሄድ መስሎ፣ ዙሪያ ጥምጥም አድርጎ ነው የሚለቀው። ቡንዶክም ይኼን ነው የገጣጠመችው። በድልድዩ በታክሲ ቢወስደኝ እንደማልገባ ያውቃል፣ ስለዚህ በጀልባ ሽርሽር ብሎ አሞኝቶ፣ መንፈስ በሌለበት ቀን፣ አያቲቱም ሳትጠረጥር ማዶ ያወርደኛል አለች። እኔ ሳቅኩባት።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። በጉዞው ዋዜማ ሚራን አንድ ካርቶን ፖም ይዛ እኔ ቤት መጥታ፣ እባክዎን እርስዎም ይምጡ፣ እማማ እርስዎ ካሉ ደስ ይላቸዋል አለችኝ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሚራን ለኔ ፖም አምጥታ አታውቅም። ሦስቱን ከበላሁ በኋላ ነው የጠረጠርኩት።

እሁድ ጠዋት ወደ ጀልባ መውረጃው ስንሄድ ቡንዶክ ሁለት ሹራብ፣ ሁለት ሱሪ ደርባ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች በየኪሷ ከታ መጣች። ከማንም እጅ አልበላም አለችኝ። ቻንጊል ገና ሲያያት መታወቂያሽን ይዘሻል ወይ አላት። ታያለሽ ብላ ክንዴን ጨመቀችው። ጋሽ ማንቦክ፣ የጀልባው ባለቤት፣ መታወቂያውን የፈለግኩት እኔ ነኝ፣ ሰው ስጭን የባሕር ፖሊስ ያስመዘግበኛል አለ። እሷም ማንቦክን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ማንቦክ የእንጨት ጀልባ አናጢ ነበር፤ ያቺን ጀልባ ከመጠገኛው በተረፈ ሳንቃ ራሱ ነው የሠራት፣ ሸራዋም ግማሹ ነጭ ግማሹ ቡናማ ነው። በወጣትነቱ ቡንዶክን ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ አክስቷ መለሰችበት ይባላል። ይባላል ነው ያልኩሽ፤ ሽማግሌዎቹን ምሳ ያበላሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሚራን መጣች፣ የሩዝ ማብሰያ አቅፋ።

በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አስጠግታ። ቡንዶክ ስታየው ፊቷ እንደ ሰም ሆነ። አዲስ ቤት ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚገባው የሩዝ ማብሰያ ነው፤ ሩዝ እንደያዘ፣ ከሰውም ከአልጋም በፊት። ማብሰያው ደፉን ካለፈ ቤቱ ቤትሽ ሆነ ማለት ነው፤ ካላለፈ እቃሽን በሙሉ ብታስገቢ እንግዳ ነሽ። ቀኑ አሥራ ዘጠኝ፣ መታወቂያ፣ አሁን ደግሞ ማብሰያ። እኔም ያኔ የበላኋቸውን ሦስት ፖሞች ቆጠርኩ።

ሚራን ማብሰያውን ጀልባው መሀል አስቀምጣ ገመዱን ከባትሪው ጋር ስታያይዝ፣ ቡንዶክ ማንንም ሳትጠይቅ ሄዳ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ሚራን፣ እማማ ትራስ ያለበት ወንበር አለ አለቻት። ይኼ ተመችቶኛል አለች። ቻንጊል እጇን ይዞ ሊያነሳት ሲል ጣቱን በስኳር ድንቹ መታችው። ማንቦክ፣ ተዋት፣ ለጀልባዋም ክብደቱ መሀል ቢሆን ነው የሚሻላት አለ። ደግሞም ከሥሯ ይሞቃታል፤ በዚያ ብርድ ቂጡ ያልቀዘቀዘበት ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ነፋሱ ከኋላችን ይመጣ ነበር፣ ሸራው ሞላና በመጠገኛዎቹ ፊት ለፊት ቀስ ብለን መሄድ ጀመርን። ከባሕሩ በኩል እኔም አይቼው አላውቅም ነበር። ሰላሳ አንድ ዓመት ፊታችን ብረቱ ላይ፣ ጀርባችን ወደ ባሕሩ፤ አሁን ጀርባችንን የምናየው መሰለኝ። አንዲት ሸርጣን አጥማጅ መርከብ ሆዷ ተገልጦ፣ ግማሿ ዝገት ግማሿ አዲስ ቀይ ቀለም ሆና ወጥታለች። አጠገቧ መልህቅ የተከመረበት፣ ጣሪያው የወደቀ የድሮ ማሽን ቤት፣ የብየዳ ብልጭታ፣ ዓሣ የሚጠብሱ ሁለት ጡረተኞች። ሳንቃው ላይ ሁለት ሴቶች ይመታሉ፤ አሁን ይኼን ሥራ የሚሠሩ ሴቶች በጣት ይቆጠራሉ። አንደኛዋ እኛ ያስተማርናት ናት፤ አይታን መዶሻዋን ወዘወዘች። ቻንጊል ደስ ብሎት፣ እይ እማ፣ እይ፣ ያንቺ ቦታ ይላል። ቡንዶክ አንዴ ቀና ብላ አየችና፣ ያቺ ሴትዮ ገመዷን ራሷ አላሰረችውም አለች። ተመልሳ ዓይኗን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ አደረገች። የምታየው የምንሄድበትን አቅጣጫ ብቻ ነበር።

ከጎታች ጀልባዎቹ ሰልፍ፣ ከበረዶ ፋብሪካው፣ ከድልድዩ ሥር አለፍን። ማንቦክ በየቦታው አንዳንድ ወሬ ያወራል፤ እዚህ ጋ እከሌ ሰክሮ ወድቆ የራሱን ኮፍያ አዳነ፣ እዚያ ጋ የእከሌ መርከብ ቀለም ሳይደርቅ ገብታ ባሕሩን ቀይ አደረገችው። ማንም አልሳቀም። ቻንጊል ኪሱን በየደቂቃው ይዳብሳል፤ የውስጥ ኪሱን፣ የደረቱን። ቡንዶክ ይኼን አይታለች። ወደ እኛ ጠጋ ባለ ቁጥር በጣቷ አንጓ የማብሰያውን ጎን ሁለቴ ትመታለች፦ ካቦው መጣ። ራሱ ልጇ ካቦ ሆኖ ቁጭ። እኔ ባሕሩን የማይ መስዬ አፌን በሻርፕ ሸፈንኩ።

ከዓሣ ገበያው ፊት ስንደርስ የምሳ ሰዓት ሆነ። ሚራን የተጠበሰ ማኬሬል፣ በበርበሬ የተብላላ የራዲሽ ኪምቺ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ዘረጋችና፣ እማማ አንዴ ብድግ ቢሉልኝ ሩዙን ላውጣ አለች። ቡንዶክ አልሰማችም። መስማት ባልፈለገች ጊዜ ጆሮዋ ድሮ ከነበረው በባሰ ይጠፋል። ሚራን ደገመች። ቻንጊል ለሦስተኛ ጊዜ ደገመ። ቡንዶክ ከኪሷ ስኳር ድንች አውጥታ ልጣጩን እየላጠች፣ ሩዝ አላሰኘኝም አለች። ስለዚህ ሩዝ ባፍንጫችን እየሸተተን፣ ማኬሬሉን በኪምቺ በላነው። በዕድሜዬ ያለ ሩዝ ምሳ የበላሁት ያን ቀን ነው። ማንቦክ፣ በሰላም ጊዜ ረሃብ አለና የሶጁ አረቄውን ከፈተ።

ከምሳ በኋላ ነው ጀልባዋ ዞር ያለችው። ከወደቡ ግድግዳ ወጥተን ወደ ማዶው ዳር። ቡንዶክ ጉልበቴን ሦስቴ መታችኝ፣ ፈጠን ፈጠን አድርጋ። ጎትቱኝ ልውጣ። እኔ ወዴት እጎትታታለሁ? እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ሆኗል። ቻንጊል ፊቱን ሳያዞር፣ ማዶ ትንሽ ወርደን እግራችንን እናፍታታ ጋሽ ማንቦክ አለ። ማንቦክም እንደተነገረው መሪውን ያዘ። ያኔ ሁላችንም አየነው፤ ከመውረጃው በላይ ነጭ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ አንድ ዓይነት ሮዝ ሰደርያ የለበሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እንደ ታጠበ ልብስ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ምን ተብሎ እንደተጻፈበት እኔም እሷም አላነበብንም። ማንበብም አላስፈለገም።

"እማ፣" አለ ቻንጊል፣ "ዝም ብለሽ እዪው። ዛሬ ማየት ብቻ ነው።"

ከደረቱ ኪስ ወረቀት አወጣ። አልዋሽም፣ አሳዘነኝ። በክረምቱ ሲሚንቶው ላይ ተኝተሽ እኔ ቢሮ ቡና እየጠጣሁ ነበር አላት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ሲጠራ አንጀቴ ይቆረጣል፣ አንቺን የሚያነሳሽ የዮንሺም እናት ብትሆን እሷም ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔን ለምን እንደሚያስገባኝ አልገባኝም። ቡንዶክ ሁሉንም ሰማች፤ ይኼን ጊዜ ጆሮዋ ደህና ነበር። ከዚያ ስድብ ሳትሰድብ፣ ሳታለቅስ፣ አንድ ነገር ጠየቀችው።

"ከመስኮቱ ምን ይታያል?"

ቻንጊል ፊቱ በራ። ይኼን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የከረመው። "ደሴቱ በሙሉ ይታያል እማ። ተራራው፣ መጠገኛው፣ የቤትሽ ጣሪያ ሳይቀር። ለዚህ ብዬ ነው የመረጥኩት፤ ከሁሉ የተሻለው መስኮት ነው።"

ማንቦክ ሶጁውን አስቀመጠ። እኔ ወደ ተራራው ላለማየት ጫማዬን አየሁ። አስቢው እንግዲህ፤ ቡሳንን በሙሉ ዞሮ፣ መስኮት በመስኮት መርጦ፣ አያቲቱ ቀጥ ብላ የምታይበትን አልጋ ለእናቱ አገኘላት።

"አንተ ልጅ፣ የት ነው የተወለድከው?" አለችው ቡንዶክ።

እዚያው ደሴቱ ላይ እኮ ነው የተወለድኩት አለ። እሱ እንደዚህ ያለ ነገር አያምንም፤ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሰው ነው። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ኑድል ቤትህ መስኮቱ ወዴት ነበር አለችው። ቻንጊል በወጣትነቱ ማዶ ኑድል ቤት ከፍቶ ነበር፤ ፊቱ ወደ ደሴቱ፣ መስታወቱ ይኼን የሚያህል፤ ዓመት ሳይሞላው ዘጋው። ያኔም ነግራው ነበር፣ ስቆባታል። አሁን አልሳቀም። ተራራውን አየ። አላምንም የሚል ሰው ተራራ እንደዚያ አያይም።

ያኔ ሚራን፣ ምስኪን፣ ለመርዳት ብላ ገባችበት። "በጓሮ በኩልም ክፍል አለ እማማ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍሎች ወደ ኮረብታው ነው የሚያዩት፣ ደሴቱ ጭራሽ አይታይም።"

"አሉ ነበር የምትይው፣" አለች ቡንዶክ። "ለካ ክፍሎቹን ቆጥረሻል።"

ሚራን እስከ ጆሮዋ ቀላች። ያኔ እንግዲህ ሁሉም ወጣ። ሁለቴ ሄደው አይተዋል፣ አልጋ አስይዘዋል፣ ወረቀቱም የአልጋው ነው፣ ለእኔም ፖም ያመጣችው እናቲቱ ስትናደድ እንዳበርድላት ነው። ይኼን ስትናገር እኔ ፖሙን እንዳልበላ ሰው ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ። ግን ስሚኝ፤ የሩዝ ማብሰያው ንጹሕ ነበር። ሚራን ምላ ተገዝታ ነገረችን፣ እማማ ትኩስ ካልሆነ ሩዝ አይበሉም ብዬ ነው ያመጣሁት አለች፤ ማብሰያ ቀድሞ እንደሚገባ እንኳ በእናቷ ቤት አልተነገራትም። ቀኑም ንጹሕ ነበር፤ ቻንጊል የጨረቃ ቀን አይቆጥርም፣ ያለፈው እሁድ ጉንፋን ይዞት ነው። መታወቂያውም የማንቦክ ነው። የቡንዶክ ምልክት በሙሉ ስህተት፣ የቡንዶክ ፍርድ በሙሉ ልክ። እንዲህ ያለ ዕድል ያላት ሴት ሌላ አላውቅም።

ቻንጊል ግን እልህ ያዘው፤ መጥተናል፣ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ገመዱን ይወርውሩልኝ አለ። ማንቦክ የተጠቀለለውን ገመድ በእጁ ይዞ ነበር፣ መርከብ የሚያስር ወፍራም ገመድ። መውረጃው ከኛ በክንድ ርቀት ላይ ነው።

"ገመዱ አጠረኝ ቻንጊል፣" አለ ማንቦክ።

ቻንጊል ገመዱን አየ፣ መውረጃውን አየ። ቡንዶክም ከማብሰያው ላይ ሳትነሳ፣ "እኔ ካልተነሳሁ ይኼ አይወርድም። ይኼ ካልወረደ እኔ አልወርድም። እስከ ፋሲካም ቢሆን፣ እስከ ጨረቃ አዲስ ዓመትም ቢሆን እዚሁ ነኝ" አለች። ፋሲካ ያለችው ሰፈራችን ያለችው ቤተ ክርስቲያን እንቁላል ስለምታድል ነው። በረንዳ ላይ ያሉት ሮዝ ሰደርያዎች ተነስተው ወደ እኛ ያዩ ጀመር፤ አንዱ ሽማግሌ እጁን አወዛወዘልን። ቻንጊል ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። በይ እሺ አለ፣ ድምፁ ሳይሰማ፤ እኔ ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት።

ስንመለስ ነፋሱ ፊታችን ላይ ሆኖ ማንቦክ ግራና ቀኝ እየጠመዘዘ ነበር የሚሄደው። በዚያ ሁሉ መዞር መሀል ነው እናትና ልጅ የተደራደሩት፣ እየተጯጯሁ። መጨረሻ ላይ የተስማሙት ይኼ ነው፦ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቡንዶክ ግድግዳውን በመዶሻ ትመታለች፣ እኔ ስሰማ ለቻንጊል እደውላለሁ፤ ካልመታች ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ወጥ ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ደግሞ ላስቲክ ይነጠፋል። እኔን ትስማሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እስካሁን ግን አንድ ቀን አላጎደለችም፤ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሳይሆን አሥራ አንድ ተኩል ላይ ትመታለች፣ መሞቴን አለመሞቴን ለማጣራት እንደሆነ አውቃለሁ።

ልጅና ምራት ተሸነፉ ብለሽ እንዳታስቢ፣ እሷም አላሰበችም። ልጁ በጣም ቶሎ እሺ አለ፣ ነገር አለው ስትል ከረመች። ሌላ ወረቀት ይኖራል፣ ጓሮውን ክፍል ይዘውት ይሆናል። ሦስት ሳምንት ይኼን ስታመነዥክ ከቆየች በኋላ፣ አንድ ሐሙስ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት እሄዳለሁ ብላኝ ወጣች። ፎጣ አልያዘችም። ይኼን ያየሁት ከሄደች በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ከማዶ ናት፣ ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ። እማማ ሱ ኦክናም ነዎት ወይ አለችኝ። ያ የኔ ስም ነው፤ ከጡረታ መሥሪያ ቤት በቀር የሚያውቀው ሰው መኖሩን ረስቼ ነበር። ነኝ አልኳት። ዛሬ መጦሪያችንን ሊጎበኙ በመምጣትዎ በጣም ደስ ብሎናል አለችኝ። የባሕር አረም ሾርባው ስለተመችዎት ሁለቴ ስላስጨመሩም ምግብ ቤቱ ደስ ብሎታል። አልጋዎቹን አንድ በአንድ ተኝተው ስለሞከሩም አመሰገነችኝ። ግን የልጅዎን ስልክ ስንጠይቅዎ ለምን በድንገት ሮጠው ወጡ? በር ላይ ጫማዎን ረስተው፣ የኛን የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ አድርገው ሄደዋል፤ አውቶቡስ ላይ እንዳይንሸራተቱ ሰግተን ነው አለችኝ።

ቡንዶክ ስሜንና ስልኬን ሰጥታ ኖሯል፤ ጫማውን ሄጄ ያመጣሁላት እኔው ነኝ። ልጅቷ ፊቴን አየች፣ መዝገቡን አየች፣ እንደገና ፊቴን አየች፤ እኔም ዛሬ ሾርባ የለም ወይ ብዬ ተቀመጥኩ። ቡንዶክን እስከዛሬ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ጫማውን ደጃፏ ላይ አስቀምጬ ነው የመጣሁት። የመጦሪያውን ነጠላ ጫማ ግን አልመለሰችም፤ ለስላሳ ነው፣ ቤት ውስጥ ስታደርገው ትውላለች፣ ቻንጊል የመጣ ቀን ብቻ አውልቃ ከሩዝ ከረጢቱ ሥር ትደብቀዋለች።